በውሻ ምግብ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ማን ፈተሸው?

ከአንባቢያን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከአንድ ሥር የሚነሡ ናቸው፤ ሁሉም የውሻ ምግብ ማሸጊያ ላይ የሰፈረው ቃልና ቁጥር በማን እንደተረጋገጠ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሻ በየቀኑ ከአንድ ከረጢት ስለሚመገብ፣ በዚያ ምግብ ውስጥ ያለ ጉድለትም ሆነ መርዝ በየቀኑ ይደጋገምበታል።

ጥያቄ፦ የምገዛው ምግብ «የአፍኮን መስፈርት ያሟላ» ይላል። ማኅበሩ መርምሮ አጽድቆታል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተው የአሜሪካ የመኖ ቁጥጥር ኃላፊዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ፣ ምግቡ ሊይዝ የሚገባውን የንጥረ ምግብ መጠን የሚወስን አርአያ ደንብ ያወጣል እንጂ ምግብ አይመረምርም፤ አያጸድቅም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። መስፈርቱን አሟልቻለሁ የሚለው አምራቹ ራሱ ነው። ይህንንም የሚለው በአብዛኛው ወይ ቀመሩን አስልቶና በላቦራቶሪ አስለክቶ፣ ወይም ምግቡን ለውሾች አብልቶ ውጤቱን በመከታተል ነው። ለአዋቂ ውሾች በሚደረገው የማብላት ሙከራ ቢያንስ 8 ጤነኛ ውሾች ለ26 ሳምንታት ያንን ምግብ ብቻ ይበላሉ፤ ክብደታቸውና ደማቸው ይመረመራል፤ ቢያንስ 6ቱም እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለባቸው። ይህ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚገለጥ ጉድለትን ለማሳየት አጭር ነው። ቢሆንም የላቦራቶሪ ልኬት በከረጢቱ ውስጥ ያለውን እንጂ የውሻው አካል የሚጠቀምበትን ስለማያሳይ፣ እኔ ውሾች በልተውት ውጤቱ የታየውን ምግብ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በቆርቆሮ የታሸገው 8 በመቶ፣ ደረቁ ደግሞ 26 በመቶ ፕሮቲን አለው። ደረቁ ይበልጣል?

መልስ፦ ውኃውን ሳይቀንሱ ማወዳደር አይቻልም። የታሸገው 78 በመቶ ውኃ ከሆነ የሚቀረው ደረቅ ክፍል 22 በመቶ ነው፤ 8ን ለ22 ሲያካፍሉ 36 በመቶ ግድም ያገኛሉ። 10 በመቶ ውኃ ያለው ደረቅ ምግብ በዚሁ ስሌት ወደ 29 በመቶ ይሆናል። የአፍኮ ዝቅተኛ መጠን በደረቅ ክፍል ሲሰላ ለአዋቂ ውሻ 18፣ ለቡችላ ደግሞ 22.5 በመቶ ስለሆነ ሁለቱም ከወለሉ በላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ላቦራቶሪው የፕሮቲኑን መጠን ካረጋገጠ ሌላ ምን ያሳስበናል?

መልስ፦ በጣም የሚያሳስብ ነገር አለ። የተለመደው ምርመራ ፕሮቲንን በቀጥታ አይለካም፤ በምግቡ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለክቶ በ6.25 ያባዛል። ናይትሮጅኑ ከሥጋ ይምጣ ወይስ ከሌላ ነገር፣ ምርመራው አይለይም። ለፕላስቲክ ሥራ የሚውለው ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን በመሆኑ፣ አንድ ግራም ሜላሚን በዚህ ስሌት ከአራት ግራም በላይ ፕሮቲን ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና የስንዴ ግሉተን (ከስንዴ የሚወጣ ፕሮቲን) ተብሎ የተሸጠ ግብዓት ሜላሚንና ተዛማጁን ሲያኑሪክ አሲድን ይዞ ወደ ሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ገባ። ሁለቱ ኬሚካሎች በኩላሊት ውስጥ ተጣምረው የማይሟሟ ጠጣር ስለሚሠሩ ብዙ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት መድከም ሞቱ፤ ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳዎችና ከረጢቶችም ከገበያ ተሰበሰቡ። የፕሮቲን ምርመራው የተጠየቀውን ቁጥር በትክክል መልሷል፤ ሜላሚንን ግን ማንም እንዲፈልግ አላዘዘውም ነበር። ስለዚህ አምራችን ሲጠይቁ «ትመረምራላችሁ?» በማለት አይብቃዎት፤ ግብዓቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ለየትኞቹ በካዮች እንደሚመረመርና ውጤቱ ሳይታወቅ ምርቱ ከመጋዘን ይወጣ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደረቅ ምግብ በከፍተኛ ሙቀት የሚበስል ከሆነ የሻጋታ መርዝ እንዴት በውስጡ ሊቀር ይችላል?

መልስ፦ ሙቀቱ ሻጋታውን ይገድላል፤ ሻጋታው አስቀድሞ ያመረተው አፍላቶክሲን ግን ሙቀትን ስለሚቋቋም ለምግቡ ግብዓት የሆነው በቆሎ ከተበከለ ብዙው መርዝ እስከ ከረጢቱ ይዘልቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቤት እንስሳት ምግብ ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ ግራም 20 ማይክሮግራም ነው። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከገደቡ በላይ አፍላቶክሲን የተገኘበት ደረቅ ምግብ ከገበያ ተሰብስቦ፣ መሥሪያ ቤቱ ከ110 በላይ የውሾች ሞት ከምርቱ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ሪፖርት እንደደረሰው አስታውቋል። ችግሩን የሚያከብደው መርዙ በእህሉ ውስጥ እኩል አለመሰራጨቱ ነው፤ አንዱ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ሊበከል ስለሚችል፣ ናሙና ከጭነቱ ከብዙ ቦታ ተወስዶ፣ ተፈጭቶና ተቀላቅሎ ካልተመረመረ ውጤቱ አያስተማምንም። ውሻዎ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከደከመና ካስመለሰው፣ በተለይም የዓይኑ ነጭ ወይም ድዱ ቢጫ ከሆነ፣ ጉበቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ምግቡን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ጤነኛ ነው። ምግቡ እኛን ሊያሳምመን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ውሻውን ሳያሳምም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከደረቅ የውሻ ምግብ ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ በአሜሪካና በካናዳ 49 ሰዎች ታመዋል። ሙቀቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም፣ ከበሰለ በኋላ በሚረጭበት ስብና ማጣፈጫ ወይም በፋብሪካው ዕቃ በኩል ምግቡ ዳግም ሊበከል ይችላል። ጥሬ ሥጋ ያለበት ምግብማ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ካበሉ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሕፃናትን ከሳህኑ ያርቁ።

ጥያቄ፦ ምግቡን ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጬ ከረጢቱን እጥላለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ምርት ከገበያ ሲሰበሰብ የሚለየው ከረጢቱ ላይ በታተመው የባች (የምርት ዙር) ቁጥርና የመጠቀሚያ ቀን ነው። ምግቡን ከነከረጢቱ ዕቃው ውስጥ ያስቀምጡ። ውሻው ከታመመ ደግሞ ከተረፈው ምግብ ጥቂት በንጹሕ ከረጢት አሽገው ከማሸጊያው ጋር ለሐኪሙ ያቅርቡ፤ ምግቡ ራሱ ካልተገኘ ላቦራቶሪው የሚመረምረው ነገር አይኖረውም።