ልጅ ሁለት ቤት ሲያድር ቀለቡ ይቀንሳል ወይ?

እህቴ፣ «ልጃችን በሳምንት አራት ቀን እኔ ጋ ደሴ፣ ሦስት ቀን አባቷ ጋ ኮምቦልቻ ታድራለች። አሁን አባቷ ፍርድ ቤት የወሰነውን ቀለብ በግማሽ ልቀንስ ነው ይላል። ይችላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ያንን ነገር ያደረግሁ አባት ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ።

በገዛ ፈቃዱ መቀነስ አይችልም። ፍርድ ቤት የወሰነውን የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ፍርድ ቤት ነው። እኛ አገር «ይህን ያህል ሌሊት ካደረ ይህን ያህል ብር ይቀነሳል» የሚል ሰንጠረዥ የለም። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የሚያየው ልጁ የሚያስፈልገውንና የከፋዩን አቅም ነው።

የእኔ ልጅ የሚኖረው እናቱ ጋ ነው፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፤ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ወስጄው እሁድ ማታ እመልሰዋለሁ። ክረምቱን ደግሞ እኔ ጋ ነው። አንድ ክረምት «እኔው እያበላሁት ለምን እከፍላለሁ?» አልኩና ከ2,500 ብሩ 1,000 ብቻ ላክሁ። መስከረም ሲጠባም በዚያው ቀጠልኩ። ጥቅምት ላይ የአፈጻጸም መጥሪያ፣ ማለትም «የተወሰነብህን አልከፈልክምና ቅረብ» የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ደረሰኝ።

ችሎት ላይ ስለ ሌሊቱ ብዛት ላስረዳ ስጀምር ዳኛዋ አቋረጡኝ። «ዩኒፎርሙን ማን ገዛ? ሲታመም ማን አሳከመው? ልጁ እርስዎ ጋ ሲመጣ የእናቱ ቤት ኪራይ ይቀንሳል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ውዝፉ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን በጃኬት ነው። ልጁ ከደሴ ብርድ ለብሶት የመጣውን ጃኬት የኮምቦልቻ ሙቀት ሲያገኘው አውልቆ ይጥለዋል። እሁድ ማታ ረስተነው እንወጣለን። ሰኞ ጠዋት በቲሸርት እየተንቀጠቀጠ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከዚያ ሁለተኛ ጃኬት ገዛሁ። ሁለተኛ ፍራሽም፣ ሁለተኛ ጫማም እንዲሁ። ልጅ ሁለት ቤት ሲያድር የሚቀንሰው የምግቡ ወጪ ብቻ ነው፤ ሌላው ይጨምራል እንጂ አይጋመስም።

አባቷ እውነት ወጪ ከበዛበት መንገድ አለው። የቀለቡ መጠን ይሻሻልልኝ ብሎ ያመልክት። እኔም ኋላ ላይ ደረሰኝ ይዤ አመለከትኩ። የሐምሌና የነሐሴው ተቀነሰልኝ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ትክክል ነው ብዬ ተቀበልኩ።

አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት፣ የሚኒባስ ሂሳብ፣ ማን እንደከፈለ ከነቀኑ ጻፊው። ደረሰኝ ካለ እዚያው አያይዢው። በሽማግሌ ከተስማማችሁም ጥሩ ነው፤ ግን በጽሑፍ አድርጋችሁ ፍርድ ቤት አስጸድቁት። ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ካላችሁ ደግሞ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን ሌላውን ሊወስደው አይችልም።

አንድ ልለምንሽ። ብሩ ቢዘገይም ልጅቷን አትከልክዪው። ቀለብ ሌላ፣ አባቷን ማየቷ ሌላ። የልጄ እናት በዚያ መስከረም፣ ብሩን ቀንሼባት እንኳ፣ ዓርብ ዓርብ ልጁን አጥባ፣ ጃኬቱን አልብሳ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር።