ማይክል ጃክሰንን ለምትወዱ የሐዋሳ ልጆች

ልጆቼ፣

ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስፒከር ከፍታችሁ ዳንስ የምትለማመዱት አብዛኞቻችሁ ማይክል ጃክሰን ሲሞት ሕፃናት ነበራችሁ፤ ያልተወለዳችሁም አላችሁ። ያን ወደ ኋላ የሚንሸራተት እርምጃውን ግን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ክብደታችሁን ተረከዙ በተነሳው እግር ጣቶች ላይ ታሳርፋላችሁ፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ሌላውን እግር ወደ ኋላ ታንሸራትታላችሁ፣ ከዚያ ተረከዞቹን በቅጽበት ታቀያይራላችሁ። የሚበላሸው ክብደቱ በሚንሸራተተው እግር ላይ ሲወድቅ ነው። አሟሟቱንም በዚሁ ጥንቃቄ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። እኔም አድናቂው ነኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ የማደንዘዣ ሙያ ነው። እሱን የገደለው ማደንዘዣ ነው።

ለ77ቱ ረሃባችን ከዘፋኙ ላይኔል ሪቺ ጋር የጻፈው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለው ዘፈን በጥር 1977 ዓ.ም ስለተቀረጸ፣ እዚህ አገር ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችንን እንደ ዘመድ ያንገበግበናል። ሆኖም መውደድ ጠበቃ መሆን አይደለም። በ1985 ዓ.ም አንድ ልጅ ወሲባዊ በደል ፈጽሞብኛል ብሎ ነበር፤ ጉዳዩ በ1986 በገንዘብ ስምምነት አለቀ። በሌላ ልጅ ጉዳይ ተከስሶ በሰኔ 1997 በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) በሁሉም ክሶች ነፃ አሉት። ከሞተ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዎች በልጅነታችን በድሎናል ብለው ከሰሱ። እናንተ ዳኛ ሁኑ አልላችሁም። ስለ ከሳሾቹ ስታወሩ ግን «ውሸታም»፣ «ገንዘብ ፈላጊ» እያላችሁ አትሳደቡ። ከጓደኞቻችሁ መካከል በልጅነቱ የተደፈረና ለማንም ያልተናገረ ሊኖር ይችላል፤ ለእናንተ ይናገር አይናገር የሚወስነው ያን ጊዜ የምትሉትን ሰምቶ ነው። ነጭ ለመሆን ሲል ቆዳውን አነጣ የሚለውን ወሬ ግን ተዉት። የአስከሬን ምርመራው ለምጽ እንደነበረበት አረጋግጧል።

ወደ አሟሟቱ ልግባ። በጥር 1976 ዓ.ም ማስታወቂያ ሲቀረጽ ፀጉሩ በእሳት ተያይዞ ራስ ቅሉ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ የሕመም ማስታገሻ ከሕይወቱ አልጠፋም። በኅዳር 1986 የማስታገሻ ጥገኛ መሆኑን ራሱ በይፋ ተናግሮ የዓለም ጉዞውን አቋረጠ። በ2001 ለንደን ውስጥ 50 ኮንሰርት ሊያቀርብ ተዋውሎ ልምምድ ሲጀምር እንቅልፍ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ቼሪሊን ሊ የምትባል ነርስ ታየው ነበር። ፕሮፖፎል የሚባለውን የኦፕራሲዮን ማደንዘዣ እንድታገኝለት ጠየቃት። አደገኛ ነው፣ ላትነቃ ትችላለህ ብላ እንደከለከለችው በኋላ ፍርድ ቤት መስክራለች። እሱ ግን እሺ የሚለውን አገኘ። ዶክተር ኮንራድ ሙሬይ በወር 150,000 ዶላር ሊከፈለው ተስማምቶ ለሁለት ወር ያህል በየሌሊቱ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ፕሮፖፎል ሰጠው። ደመወዙ በታካሚው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሐኪም ለታካሚው እምቢ ለማለት እጅግ ይቸገራል። እኔ ከጠቅላላው ታሪክ አብልጬ የማዝነው በዚህ ነው።

ሐኪሙ ለፖሊስ በሰጠው ቃል የመጨረሻዋ ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ እንዲህ ነበረች፤ ከፕሮፖፎሉ በፊት የተሰጡት ሁሉ የሚያረጋጉና የሚያስተኙ መድኃኒቶች ናቸው። ከሌሊቱ 7፡30 ዲያዜፓም፣ 8 ሰዓት ሎራዜፓም፣ 9 ሰዓት ሚዳዞላም፣ 11 ሰዓት እንደገና ሎራዜፓም፣ ጠዋት 1፡30 እንደገና ሚዳዞላም። አልተኛም። 4፡40 ላይ 25 ሚሊግራም ፕሮፖፎል። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ብቻውን ሲታይ መጠኑ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም አንጎል ውስጥ «ተንፍስ» የሚለውን ማዕከል ያዳክማሉ፤ ፊተኛው ሳይወጣ ኋለኛው ይደረብበታል። ደግሞም በደሙ ውስጥ የተገኘው ፕሮፖፎል በዚያች 25 ሚሊግራም እንደማይገለጽ ባለሙያዎች መስክረዋል።

ፕሮፖፎል ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ነው፤ የአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል የወጣ ቅባት ስላለበት። በደም ሥር ሲገባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያስተኛል፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መንገዱን ሊዘጋ፣ ትንፋሽ ጭራሽ ሊቆም፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ማርከሻ የለውም። ሙሬይ የሰጠሁት ነው ያለው ፍሉማዜኒል የእነ ዲያዜፓምን ኃይል ያከሽፋል እንጂ ፕሮፖፎልን አይነካውም። ስለዚህ እኛ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ከመስጠታችን በፊት ኦክስጅኑ መክፈቱን፣ በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው አምቡ ባግ አለመቀደዱን፣ ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚመጥጠው ሳክሽን መሳቡን፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን የሚለካው ኦክሲሜትር በድምፅ ማስጠንቀቁን እንፈትሻለን። ከሰጠን በኋላ ከታካሚው ራስጌ አንርቅም። ማይክል ዘንድ ሐኪሙ ክፍሉን ለቅቆ ወጣ። በዚህ ሁኔታ የሚሰጥ ማደንዘዣ እንቅልፍ አይባልም፤ የእንቅልፍ ዑደቱም የለውም፤ ለዚህ ነው በየማታው ቢወስደውም ድካሙ ያልለቀቀው ብዬ የማምነው።

ሙሬይ በጥቅምት 2004 ባለማሰብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ በኅዳር 4 ዓመት ተፈረደበት።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ፕሮፖፎልን ከእናንተ ማንም አያገኘውም። ዲያዜፓምንና ትራማዶል የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ግን ታገኛላችሁ። ከሰዓት ጫት ቅሞ፣ ምርቃናው አልወርድ ሲል ጨብሲ፣ ጨብሲው አላስተኛ ሲል አንድ ክኒን ከጓደኛ ኪስ። ይህ የማይክል የመጨረሻ ሌሊት ግልባጭ ነው። ጫት ልብን እያስሮጠ ድካሙን ሸፍኖ ያቆያል፤ አልኮሉና ክኒኑ ግን ከሥሩ ይከማቻሉ። ጫቱ ቀድሞ ሲለቅ የሚቀሩት ትንፋሽ የሚያዳክሙት ብቻ ናቸው፤ ያም የሚሆነው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ዲያዜፓም ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ የትናንቱ ክኒን ከዛሬው ጋር ይደመራል። ለሳምንታት በየቀኑ የወሰደ ደግሞ በአንድ ጊዜ ካቋረጠ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ስለሚችል በሐኪም እየቀነሰ ነው የሚያቆመው። «ያለ ማዘዣ አልሸጥልህም» ያለቻችሁን ፋርማሲስት አትጣሏት፤ ሌላ ፋርማሲም አትፈልጉ።

እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ፣ በተለይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ፈረቃ ለምትሠሩ፦ የመተኛውን ሰዓት ሳይሆን የመንቂያውን ሰዓት አጽኑት፣ እሑድም ቢሆን። ቡናው ከጠጣችሁት 5 ሰዓታት ካለፉ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ አለ፤ የማታ ተኚ ከቀኑ 8 በኋላ ባይጠጣ ይሻለዋል። የቀን ተኚ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍን፣ አጎበሩን ይዘርጋ፤ የሐይቅ ዳር ትንኝ ቀንም አይምርም። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድማችሁ ካልመጣ ከአልጋው ተነሱ፣ ስልክ ሳትነኩ ቁጭ በሉ፣ ሲያንቀላፋችሁ ተመለሱ። የመጀመሪያው ሳምንት ይከፋል፤ ያኔ ነው ብዙ ሰው የሚተወው። ለሳምንታት ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጓደኛችሁ ክኒን ከመጠጥ ጋር ወስዶ ተኝቶ ብታገኙት፣ ማንኮራፋቱ ከደህና እንቅልፍ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጠርታችሁ፣ ትከሻውን ነቅንቃችሁ ካልነቃ ደረቱን 10 ሰከንድ ተመልከቱ። በእኛ ቆዳ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ የሚመጣው መጥቆር ቶሎ ስለማይታይ የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱንና ጥፍሩን እዩ። ወተት አትጋቱት፤ ሳምባው ውስጥ ይገባል። በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አትለዩት። ቢተነፍስም ባይተነፍስም፣ ካልነቃ አንዳችሁ ወዲያው 907 ቀይ መስቀል ይደውል። ሙሬይ ከቀኑ 6፡12 ላይ ለማይክል ረዳት ደወለ፤ አምቡላንስ የተጠራው ከ6፡20 በኋላ ነው። የማይክልንም ደረት ፍራሽ ላይ እንዳለ በአንድ እጅ ተጫነው፤ ፍራሽ ጉልበቱን ስለሚውጠው እናንተ ያልተነፈሰውን ጓደኛችሁን ወደ መሬት አውርዱት። በሁለት እጅ፣ ክርናችሁ ሳይታጠፍ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረቱን መሃል ላይ ተጫኑ፤ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ ስጡት። ክንድ ስለሚዝል በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ባለሙያ ሲደርስ የክኒኑን ማሸጊያ አሳዩ፣ የጠጣውንም ሁሉ ተናገሩ። ይሉኝታና ፖሊስ መፍራት እዚያ ቦታ የለም። ሙሬይ ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ ፕሮፖፎል መስጠቱን አልነገራቸውም።