ልጃችንን «ስሂን» እንበላት? ጥያቄና መልስ

ደሴ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩት መምህራችን ዛሬ ስለ «ስሂን» የሚጠየቁትን ይመልሳሉ። ስሙን ወሎ ከሰው ይልቅ በትምህርት ቤት ነው የሚያውቀው።

አዲስ እናት፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የባለቤቴ ቤተሰቦች «ሲሂን» ይላሉ፣ እኔ «ስህን» እላለሁ። የቱ ነው ልክ?

መምህር፦ እግዜር ይመስገን። ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። «ስ» ሳድስ ናት፣ አጠር አድርገሽ እለፊያት። ከዚያ «ሂ»፣ «ሂድ» ስትዪ የምትወጣዋ። እነሱ «ሂ» ገና ሳትመጣ ምላሳቸው ተዘጋጅቶ «ስ»ንም «ሲ» ያደርጋታል። አንቺ ደግሞ «ሂ»ን ውጠሻታል። በችኮላ ሲጠራማ ጭራሽ «ሲን» ሆኖ ይቀራል። የሚጠብቅ ፊደልም የለውም፤ «ሀ» በአማርኛ አይጠብቅም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የልደት ካርድ ሳታወጪ የላቲኑን አጻጻፍ ወስኚ። ከ«ስ» ቀጥሎ አንዱ «ኢ» ይጽፋል፣ ሌላው «አይ»፤ ኋላ ላይ ሁለት «ኢ» የሚደረድርም አለ። ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳ ላይ ሌላ፣ ፓስፖርት ላይ ሦስተኛ ከሆነ ልጅቷ አድጋ በየቢሮው ስትንከራተት ትኖራለች።

ሐይቅ፦ በዚህ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ?

መምህር፦ ወሳኝ ኩነት ጠይቅ።

ሸዋ በር፦ እኛ ክፍል አንዲት ስሂን አልነበረችም። ለምን ጠፋ?

መምህር፦ ይቺ ጥያቄ ናት! ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ባለቤት፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ስማቸው ለትምህርት ቤት ተሰጠ፤ እሱም በኋላ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆነ። «ስሂን ተማርኩ» ሲባል የሚታየን ግቢው ነው። በግቢ ስም ልጅ መጥራት ሰው ይከብደዋል።

ፒያሳ፦ መነንም እኮ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት አለ። ስሙ ግን አልጠፋም።

መምህር፦ መነን ከትምህርት ቤቱ በፊትም የታወቀ ስም ነው። የየጁው የራስ አሊ እናት ማን ነበሩ? እቴጌ መነን! ስሂን እንዲህ በየዘመኑ የሚያስጠራት አላገኘችም።

ቧንቧ ውሃ፦ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ሚስት አይደሉም እንዴ?

ፒያሳ፦ ኧረ ልጃቸው! የልጅ ኢያሱ እህት።

ቧንቧ ውሃ፦ በአባት ብቻ በል። ኢያሱ የሸዋረጋ ልጅ ነው።

ፒያሳ፦ እኔስ ምን አልኩ? በ1903 መነንን ለተፈሪ የዳረው ራሱ ኢያሱ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ በ1909 ሰገሌ ጦርነት ላይ ከእነ ተፈሪ ብድሩን አገኘዋ!

መምህር፦ ሰገሌ ስትዘምቱ ዋሉ? የያዝነው ስም ነው።

ባቲ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ይሄ ስም ለእኛ ይሆናል?

መምህር፦ ወሎ ተቀምጠሽ ይሄን ትጠይቂያለሽ? የወይዘሮ ስሂን አባት ራሳቸው መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ሚካኤል የተባሉት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ነው። ስሙም በግዕዝ ዕጣን ማለት ነው። ዕጣን ወይ አድሩስ የማይጨስበት የወሎ ቤት ካለ አሳዪኝ። ይልቅ ላቲኑን አስቀድመሽ ወስኚ።

ወልዲያ፦ በየትኛው «ሀ» ነው የሚጻፈው?

መምህር፦ ግዕዙ በብዙኃኑ «ኀ» ነው፣ ስኂን። የለመድነው በሃሌታው «ሀ» ነው። ደስ ያለህን ያዝ፤ ከያዝክ ግን አትቀያይር። ላቲኑንም እንደዚያው።

ሐይቅ፦ ጋሼ፣ ስሙ ጥሩ ነው?

መምህር፦ ለማን? ለምን? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

መርሳ፦ ሲሂን ነው ስህን የሚባለው?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ እናት፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ስናቆላምጣትስ ምን እንበላት?

መምህር፦ «ስሂኔ»፣ ሌላ ምን ያስፈልጋታል? ላቲኑን ወሰናችሁ?

አዲስ እናት፣ ኮምቦልቻ፦ ባለቤቴ በሁለት «ኢ» ይሁን ይላል፣ እኔ...

መምህር፦ በሉ መጀመሪያ እሱን ተስማሙ። ቁልምጫው ይደርሳል።