እግሬም ልቤም ከብዶኛል፣ ጊዜው እስኪያልፍ ልጠብቅ?

ሰላም እትዬ እንዴት ነዎት፣ አምድዎን ሁሌም አነባለሁ ግን ስጽፍልዎ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከረዘመብዎ ይታገሱኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ አርባ አመት ሊሞላኝ ነው፣ የሶስት ልጆች እናት ነኝ፣ ስራዬ ፀጉር ቤት ነው። ጠዋት ሁለት ሰአት ገብቼ ማታ አንድ ሰአት አንዳንዴም ሁለት ሰአት ድረስ ቆሜ ነው የምውለው፣ የበዓል ዋዜማ ሲሆንማ ምሳም የለ፣ አንዷን ከካስክ ሳወጣ ሌላዋን ቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ ሹሩባም የሚመጣው ወደኔ ነው። ቤታችን መሀል ከተማ ነበር፣ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስለዚህ ከስራ ወጥቼ ደሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደገና መቆም ነው።

የእግሬ ነገር የጀመረው ሁለተኛዋን ልጄን ሳረግዝ ነው። ያኔ ከጉልበቴ በስተኋላ ቀጭን ሰማያዊ ነገር ነበር የሚታየው፣ ከወለድኩ ይጠፋል ብዬ ተውኩት፣ አሁን ግን የግራ ባቴ ላይ ደም ስሩ አብጦ ተጠማዞ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወርዷል። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት እንደገባ ይቀራል፣ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ይሰረጉዳል። ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይዞኝ እየጮህኩ የምነሳበት ጊዜ አለ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ደሞ እየጠቆረ ነው ያሳክከኛልም። እናቴም እንዲህ አይነት እግር አላት።

ጎረቤቶቼ ሁሉም የየራሳቸውን ይሉኛል። አንዷ ዝሆኔ ነው ብላ አስደነገጠችኝ፣ አንዷ የሞተ ደም ነው ዋግምት አስደርጊና ይውጣልሽ ትላለች፣ ሌላዋ በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፊው። ባለቤቴ ሀኪም ጋ ሂጂ ይለኛል፣ ግን ብሩ ከየት ይምጣ፣ ጤፉ ዘይቱ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉም ጨምሯል፣ እሱ የሚሰራበት ድርጅት ሰራተኛ ሲቀንስ ከስራ ወጥቶ አሁን የቀን ስራ ሲገኝ ነው የሚሰራው።

ከእግሬ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው እትዬ። እናቴ ጎጃም ናት። መንገዱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፣ ስልኩ ይሰራል ይቋረጣል፣ ካየኋት ቆየሁ። ስራ ቦታ ከደንበኛ ጋ ስስቅ ድንገት ትዝ ትለኛለች፣ ከዛ እሷ እዛ በጭንቅ እያለች አንቺ እንዴት ጥርስሽ ይታያል እያልኩ ራሴን እጠላዋለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኬን ይዤ ዜናውንም ቲክቶኩንም ሳገላብጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ይሆናል። ድሮ ሳቂታ ነበርኩ፣ አሁን ልጆቼ እንኳን እማዬ ምን ሆነሻል ይሉኛል። ሰው በዚህ ጊዜ እንዴት አድርጎ ነው ደስታውንም ጤናውንም ጠብቆ የሚኖረው? ወይስ በቃ ጊዜው እስኪያልፍ ጥርስን ነክሶ መጠበቅ ነው?

ቆማ የምትውለዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

የኔ እህት፣ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ ነርስ ሆኜ በሰራሁባቸው አመታት እንዳንቺ ቆመው የሚውሉ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ፣ አስተማሪዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ የሆቴል አስተናጋጆች፣ እና ሁሉም ማለት ይቻላል የሚመጡት ቁስል ከወጣ በኋላ ነበር። አንቺ ከዛ በፊት ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልሴ አይ ነው፣ ጊዜው እስኪያልፍ አትጠብቂ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ማንም አያውቅም፣ እግርሽ ደሞ አይጠብቅሽም።

ከእግርሽ ልጀምር። የጻፍሽልኝ ነገር ዝሆኔ አይመስልም። እኛ አገር ደጋው ላይ የሚታየው ዝሆኔ በአብዛኛው ለብዙ አመት በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ ነው፣ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚያብጠው፣ ቆዳውም ይወፍራል ይሻክራል። ያንቺ በእርግዝና ጀምሮ፣ እናትሽም ኖሯት፣ ስሩ ተጠማዞ የሚታይ ከሆነ ቫሪኮስ ቬይን የሚባለው ነው የሚመስለው። ማረጋገጫው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፣ ደሙ ስሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በስክሪን የሚያሳይ ምርመራ ማለት ነው፣ አያምም፣ መርፌም የለውም።

ምን መሰለሽ፣ ደም ወደ እግር ሲወርድ ልብ ትገፋዋለች፣ ሲመለስ ግን ሽቅብ ነው የሚወጣው፣ እዛ ላይ ትልቁን ስራ የሚሰራው የባትሽ ጡንቻ ነው። ስትራመጂ ጡንቻው ደም መልሱን፣ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰውን ስር ማለቴ ነው፣ ይጨምቀዋል ደሙም ይወጣል፣ ስሩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ደሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። አንድ ቦታ ቆመሽ ስትውዪ ጡንቻው ስራ ይፈታል። በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ሆርሞኑ የስሩን ግድግዳ ያላላዋል፣ ማህፀንም ከላይ ይጫናል፣ በዛ ላይ የዘር ሲጨመርበት ክዳኖቹ ይላላሉና ደሙ እዛው ይጠራቀማል፣ ክብደቱም እብጠቱም ማሳከኩም ከዛ ነው የሚመጣው። የቆዳሽ መጥቆር ነው እኔን ያሳሰበኝ፣ ምክንያቱም ደሙ ለረጅም ጊዜ እንደተጠራቀመ የሚያሳይ ምልክት ነው፣ ዝም ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው በወራት የማይድን ቁስል ነው። ለቁስሉ ማጠቢያና ማሰሪያ የሚወጣው ብር ደሞ ከምርመራው አይገናኝም።

ዋግምቱን በፍጹም እንዳታስደርጊ። የሞተ ደም የሚባል ነገር እዛ የለም፣ የተወጠረ ስር ላይ ምላጭ ካረፈ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል፣ ቁስሉም አይደርቅም፣ ምላጩ ንጹህ ካልሆነ ደሞ ሄፓታይተስም ኤችአይቪም አለ። የሞቀ ውሃም ስሩን የበለጠ ነው የሚለጥጠው፣ ለብ ባለ ወይ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ታጠቢና ቫዝሊን ተቀቢ፣ ጨው ቆዳውን ያደርቀዋል። እያሳከከሽም አትፋቂው። ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን እግሩ ያንቺ ነው።

አሁን ስራሽ ላይ እንምጣ፣ ስራውን ተይው አልልሽም፣ ቤቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ቢጎዲን ስትጠቀልዪ ተረከዝሽን ከመሬት ብድግ እያደረግሽ በጣቶችሽ ቁሚና መልሺ፣ ሃያ ያህል ጊዜ፣ ደንበኛዋ ሳታውቅ ባትሽ ስራውን ይሰራል። ሹሩባ ስትሰሪ ደሞ ለምን ትቆሚያለሽ? እናቶቻችን ሲሰሩን ራሳቸው ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠው እኛን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ነበር የሚያስቀምጡን፣ ለአሰሪሽ በግልጽ ንገሪያት፣ ብዙ ሹሩባ የምትሰራ ሰራተኛ ከምትታመምባት አንድ በርጩማ መግዛት ይቀላታል። ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ስትሆን ያቺን ጊዜ አትጥረጊባት፣ ተቀምጠሽ እግርሽን ሌላ ወንበር ላይ ስቀዪ። ጫማ ጠፍጣፋ ወይ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ይሁን። ውሃም ጠጪ፣ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ የሚውሉ የፀጉር ቤት ልጆች አውቃለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይም ያው ተረከዝሽን አንሺ፣ አራተኛ ፎቁ ደሞ ቢያማርርሽም ደረጃ መውጣት ለባትሽ ጥሩ ነው፣ ቀስ ብለሽ ውጪው። ቅዳሴ ላይም ከቆምሽ እንዲሁ አድርጊ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ፣ የታመመ ሰው ቢቀመጥ የሚቀየም የለም።

ቤት ስትገቢ እራት ከመስራትሽ በፊት አስራ አምስት ደቂቃ ፍራሽ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ እግርሽን ትራስ ደራርበሽ ከልብሽ ከፍ አድርጊው። ልጆቹ አጠገብሽ ይምጡና የትምህርት ቤታቸውን ያውሩልሽ። ሽንኩርቱን ባለቤትሽ ይክተፈው፣ ይህን ስል ከልቤ ነው፣ ስራ ያጣ ወንድ ቤት ውስጥ ቦታ ያጣ መስሎት ነው የሚሰቃየው፣ እግሬን ላሳርፍ አንተ ይቺን ያዝልኝ ብትዪው ለሱም እረፍት ነው።

ጨው ቀንሺ፣ የአለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ከገባበት ወጡ ላይ እንደገና አትጨምሪ። ጎመንና ምስር ብዪ፣ ሆድ ድርቀት ሲኖር ማማጡ ለእግር ደም ስርም ጫና ነው።

የሚያጠብቅ ስቶኪንግ ሀኪም ያዝልሽ ይሆናል፣ ግን ከመንገድ በግምት አትግዢ፣ ቁርጭምጭሚትና ባት ተለክቶ ነው የሚወሰደው፣ ስኳር ካለብሽ ወይ እግርሽ የሚቀዘቅዝ የሚደነዝዝ ከሆነ መጀመሪያ ደሙን ወደ እግር የሚያወርደው ደም ቅዳ መታየት አለበት። የሚለበሰው ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ነው፣ ማታ ይወልቃል። ከዛ በላይ ካስፈለገም በሌዘር፣ በመርፌ ወይ በኦፕራሲዮን ይታከማል፣ አብሮሽ የሚያረጅ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። አንዱ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ባትሽ ከሞቀና ካመመሽ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ያኑ ቀን ሀኪም ቤት ሂጂ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ ደረትሽን ከወጋሽ ደሞ ቆይ ሳትዪ አምቡላንስ ጥሪ፣ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነም ለሀኪሙ ንገሪው፣ አንዳንዱ ደም የመርጋት እድልን ይጨምራል። የተወጠረው ስር ተነክቶ ከደማ ተኚ፣ እግርሽን ስቀዪ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥብቀሽ ያዢው።

አሁን ወደ ልብሽ። ስስቅ ራሴን እጠላለሁ ያልሽው አንጀቴን በላኝ። እስቲ ለቅሶ ቤትን አስቢ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያለቅሳል፣ ከዛ በኋላ ግን ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ የድሮ ጨዋታ ይነሳል፣ ሀዘንተኛው ራሱ ፈገግ ሲል ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል እንጂ ሟቹን ረሳ አይለውም። ሰው በሀዘን እንዳይሰበር አብሮ መሳቅ ከጥንት ያለን ወግ ነው። እናትሽ መስመሩ ሰርቶ ብታወሪያት መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ደህና ነሽ ወይ ብላ ነው፣ ጥርስሽ እንዳይታይ የምትፈልግ እናት የለችም። ዜናውን ደሞ ሌሊት መከታተልሽ ለሷ አንድም ነገር አይጨምርላትም፣ ካንቺ ግን እንቅልፍሽን ይወስዳል። ማታ ከእራት በፊት አንዴ እዪ፣ ከዛ ስልኩ ሌላ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። አገር ቤት ያለች የአክስት ልጅ ወይ ጎረቤት ካለች ከሷ ጋ ተነጋገሪ፣ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ደህና ናት የሚል አጭር መልእክት ትላክልሽ፣ ከመቶ ቪዲዮ እሱ ይበልጣል።

ሌላው፣ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፣ የሰፈርሽ መፍረስ። ኑሮ ውድነቱን ዘርዝረሽ ጻፍሽ፣ ይሄን ግን እንደ አድራሻ ለውጥ ነው የነገርሽኝ። እኔ ግን ሳቅሽ የጠፋው ግማሹ እዛ ይመስለኛል። ዱሮ በር ከፍተሽ ቡና ጠጡ ብለሽ የምትጣሪያቸው ሴቶች፣ ልጅሽን ሳያስፈቅዱሽ የሚቆጡልሽ፣ እድሩ እቁቡ፣ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተበተነ፣ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ የጎረቤትሽን ስም ላታውቂ ትችያለሽ። ሰው ለዚህ ማዘን ይገባዋል፣ ቤት ተሰጠን ምን አነሰን ተብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። የድሮ ጎረቤቶችሽን ስልክ ፈልጊና እሁድ ከሰአት አንዷ ጋ ተገናኙ፣ ፈንዲሻው ቢቀር ቡናው ይበቃል። እዛው ፎቅሽ ላይ ያለችዋንም አንድ ቀን አንኳኪና ጥሪያት፣ እሷም እንዳንቺ ከአንድ ሰፈር ተነስታ የመጣች ልትሆን ትችላለች። አብራችሁ ማታ ማታ ወክ ብታደርጉ ደሞ እግርሽም ልብሽም ይጠቀማል።

ሀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ካልለቀቀሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ወይ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሀሳብ ከመጣብሽ ግን ለሰው ሳትደብቂ ተናገሪ። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም የአእምሮ ጤና ህክምና አለ፣ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድም ማበድ አይደለም፣ ህክምና ነው።

ስለ ብሩ፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ተጽፎልሽ ነው ወደ ሆስፒታል የምትሄጂው፣ ካልሆናችሁ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ወረዳ ጠይቁ። ፀጉር ቤት በሳምንቱ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይላል አይደል፣ ማክሰኞ ከሰአት ፈቃድ ጠይቂና ሂጂ፣ ከሰአት ያልኩሽ እብጠቱ ያኔ ስለሚታይ ነው። አልጋ ላይ ተኚ ካሉሽም ቆሜ እዩልኝ በያቸው፣ ስትተኚ ስሩ ደሙን ይለቅና የሌለ ይመስላል። ምን እንዳሉሽ ደሞ ጻፊልኝ፣ የእናትሽንም ደህንነት አሳውቂኝ።