የአያትሽን ብር እንዳትፈትጊው

እህቴ፣ "ሐረር አያቴ ሳጥን ውስጥ አንድ የምኒልክ ብር፣ አራት ማርትሬዛ (ሁለቱ ለአንገት ቀለበት የተበየደባቸው) እና የጃንሆይ ዘመን የወረቀት ብሮች አገኘሁ፣ አጥቤ ልሽጥ ወይስ እንዲሁ፣ ስንትስ ያወጣል?" ላልሽው፣ ኧረ አቦ ባክሽ ውሃም እንዳታስነኪው! እኔ ድሬ ከዚራ ነኝ፣ አስራ ምናምን ዓመት እየሰበሰብኩ ነው፣ ይሄን ያወቅኩት ደሞ ከስሬ ነው።

የመጀመሪያዋ የምኒልክ ብሬ የ1889 ናት፣ ከአባቴ ያገኘኋት፣ ጥቁር ብላ ስለነበር እኔ ጀግናው በሎሚና በአመድ ፈተግኳት፣ አልበቃ ብሎኝ ኮልጌትም ጨመርኩበት፣ እንደ አዲስ ማንኪያ አብረቀረቀች፣ ቤት ሙሉ አደነቀኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ጋ ስወስዳት ሌንሱን አውጥቶ መስኮቱ ጋ አንዴ አገላበጣትና "ይቺማ ተፈትጋለች" ብሎ መለሰልኝ። ለካ ፊቷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ሞልቷል። እዛው ቁጭ ብዬ እያለሁ አንድ ልጅ ያቺኑ የ1889ን አመጣ፣ ጠቆር ያለች ግን ማንም ያልነካካት፣ ለኔ ከጠራልኝ ሦስት እጥፍ ቆጥሮ ሰጠው። የዛን ቀን ምሳ አልበላሁም ወላሂ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ብር ሲመታ ላዩ ላይ የራሱ ወዝ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ዘንበል ቀና ስታደርጊው ብርሃኑ አብሮ ይዞራል። ፈትገሽ የምታመጪው ማብረቅረቅ ያ አይደለም፣ ቆዳውን ልጠሽው ነው፣ አንዴ ከሄደ ደሞ አይመለስም። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ብር በዕድሜ የሚያመጣው ነው፣ እንደውም ሰብሳቢ ይወደዋል። ውጭ አገር ለሳንቲም ግሬድ፣ ማለትም የይዞታ ደረጃ፣ የሚሰጡት ድርጅቶች እነ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ነው የሚሰጡት፣ ክፉኛ የታጠበ ከሆነ ግን ቁጥሩን ትተው ታጥቧል ብለው ይጽፉበታል። ያንቺን ለማየት የምኒልክን ዘውድና ጉንጭ እዪ፣ ከዛ የአንበሳውን ጋማ፣ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ናቸው ቀድመው የሚያልቁት። ጋማው ፀጉሩ ከተለየ ጥሩ ነው፣ ልሙጥ ከሆነ ብዙ ኪስ ዞሯል ማለት ነው።

ማርትሬዛው ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ። 1780 ይላል ብለው ሰዎች ይጓጓሉ፣ ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ስንትና ስንት ጊዜ መቱት፣ ስለዚ ብዙውን ጊዜ ዋጋው የብር ማዕድኑ ነው፣ ክብደቱ 28 ግራም አካባቢ። ድሮ እንኳን ሰው የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁ ቆጥሮ ካለቀ አልቀበልም ይል ነበር አሉ፣ ኮንዲሽን (ይዞታው) ማየት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ሁለቱ ለአንገት ተብሎ ቀለበት ተበይዶባቸዋል ያልሽው ለሰብሳቢ ይወርዳል፣ ግን አንጥረኛ ጋ ወስደሽ እንዳታስነቅዪው፣ የብየዳው ጠባሳ አይጠፋም፣ እንደ ጌጥ የሚፈልገው ደሞ ከነቀለበቱ ነው።

ወረቀቱ ዋናው ጉዳይ እጥፋት ነው። አንዴ መሀሉ ላይ የታጠፈና በአራት ታጥፎ መቀነት ውስጥ የከረመ በጭራሽ አንድ አይደለም፣ ምንም ያልታጠፈው አንሰርኩሌትድ የሚባለው ደሞ ሌላ ዓለም ነው። ካውያ እንዳታስነኪው! አንድ ጓደኛዬ ተኩሶ አምጥቶ እጥፋቱ ብርሃን ላይ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር፣ ወረቀቱም ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ሶፍት ሆኗል። የተቀደደ ካለ ስኮች አትለጥፊበት፣ ማጣበቂያው ቆይቶ ቢጫ ያደርገዋል። ያ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥም እንዳትከቺው፣ በኛ ሙቀት ቶሎ ያልበዋል፣ ሳንቲሙንም አረንጓዴ ነገር ያስይዘዋል፣ ለጊዜው ንጹህ ፖስታ ይበቃል።

ዋጋ ሳላይ አልጠራም፣ የሚጠራልሽም ካለ አትመኚው። ጠዋት መስኮት ጋ ያለ ፍላሽ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙንም አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ስትይዢው ደሞ በጠርዙ ያዢ፣ ጣትሽ ፊቱ ላይ እንዳያርፍ።