«ገብስ አብቅለሽ ልትመረቂ ነው?»

እህቴ፣ ከደብረ ብርሃን የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የባዮሎጂ ትምህርትሽን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። ጨለማ ውስጥ የበቀለ የገብስ ቡቃያ ብርሃን ሲያገኝ የፕሮቲን ምርቱን እንዴት እንደሚቆጣጠር ልታጠኚ ስትይ አማካሪሽ «መሣሪያ የለንም፣ መጠይቅ በትኚ» አሉሽ። ኢነዋሪ ያሉት አባትሽ ደግሞ «ገብስ አብቅለሽ ልትመረቂ ነው?» ብለው፣ ሰንጋ ሸጠው ነርሲንግ ሊያስገቡሽ ይፈልጋሉ። እንግሊዝኛሽም ያሳስብሻል።

መጠይቁን ተዪው። መጠይቅ በትኖ የተመረቀ የባዮሎጂ ተማሪ ሞልቷል፤ ላቦራቶሪ የሚቀጥር ሰው የሚፈልገው ግን ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መለኪያ) የለመደ እጅ ነው።

አማካሪሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ጨለማ ውስጥ ያለ ቡቃያ ብዙ ኤምአርኤንኤ (የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ቅጂ) አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ መመሪያውን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ግን እምብዛም አይሰፍርበትም። አራቢዶፕሲስ በሚባለው የላቦራቶሪ ተክል ላይ እንደታየው፣ በጨለማ ኮፕ1 የሚባለው ፕሮቲን የእድገት መሪ የሆነውን ቶር የሚባል ፕሮቲን ይጫነዋል። ብርሃን ሲመጣ ጫናው ይነሳል፣ ራይቦዞሞቹም ኤምአርኤንኤው ላይ ይደረደራሉ። ያንን ድርድር ለማየት አልትራሴንትሪፉጅ (እጅግ በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቢው፦ ቢጫው ቡቃያ አረንጓዴ ለመሆን አዲስ ፕሮቲን መሥራት ግድ ይለዋል? ለዚህ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል።

ገብሱን 12 ሰዓት ዘፍዝፊና እርጥብ አሸዋ ላይ ዘርተሽ፣ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ ካርቶን ውስጥ 7 ቀን አቆዪው። የደብረ ብርሃን ብርድ ቡቃያውን ያዘገየዋል፤ 20 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ክፍል ፈልጊ። «በቅሎ ይሆን?» ብለሽ አትክፈቺ፤ የጥቂት ደቂቃ ብርሃን ፋይቶክሮምን፣ ማለትም ብርሃን የሚለየውን የተክሉን ፕሮቲን፣ ይቀሰቅስና ዜሮ ሰዓትሽ (የመነሻ ልኬትሽ) ይበላሻል። ስትቆርጪም ደብዛዛ አረንጓዴ መብራት ብቻ ይሁን። ከቅጠሉ 3 ሴንቲሜትር እየቆረጥሽ ግማሹን ንጹሕ ውኃ ላይ፣ ግማሹን በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ሳይክሎሄክሲማይድ (ራይቦዞምን የሚያቆም መርዝ) ባለበት ውኃ ላይ አንሳፍፊ። አንድ ሰዓት በጨለማ ይምጠጥ፣ ከዚያ ብርሃን ይብራበት። ጥቂት ቁራጮችን ግን ለማነጻጸሪያ እዚያው ጨለማ ውስጥ ተዪያቸው። ሳይክሎሄክሲማይድ የሰውንም ራይቦዞም ያቆማል፤ ያለ ጓንት አትንኪው፣ ትራፊውን ለቴክኒሻኑ አስረክቢ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፊ።

ብርሃኑ ከበራ በ0፣ 6፣ 12 እና 24 ሰዓት 0.1 ግራም ቅጠል በ80 በመቶ አሴቶን ፍጪና የክሎሮፊሉን (የአረንጓዴ ቀለሙን) መጠን ለማወቅ በ645 እና በ663 ናኖሜትር አንብቢ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ሚዛኑ ላይ ነው፦ ከውኃ የወጣ ቅጠል በሶፍት ካልደረቀ ውኃውን ትመዝኛለሽ። መርዙ የገባው ቅጠል ቢጫ ከቀረ አዲስ ፕሮቲን ማስፈለጉን አሳይተሻል። የፕሮቲን ምርቱ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ግን ይህ ሙከራ አይናገርም፤ ርዕስሽ ውስጥም እንዳታስገቢው።

አባትሽን በተመለከተ፣ በአክብሮት ግን በግልጽ ልናገር። አንድ ሴሚስተር የቀረውን ዲግሪ ጥሎ ሌላ ትምህርት ከአንደኛ ዓመት መጀመር ሰንጋውን ሁለቴ ማረድ ነው። ነርስነት ቢያምርሽ ኖሮ ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንድም ቦታ «እፈልገዋለሁ» አላልሽም። እንዲህ በያቸው፦ እናቴ ለጠላ የምታበቅለው ብቅል የእኔ ጥናት የአጎት ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን የቢራና የብቅል ፋብሪካ አለ፤ ለብቅል የሚፈለገው ገብስ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ያንን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልንም በር አንኳኪ። ለሁለቱም፣ የፕሮቲኑን መጠን የሚያሳየውን ናይትሮጅን በኬልዳል ዘዴ መለካት ብትችዪ ማመልከቻሽ ላይ ይቆጠርልሻል።

እንግሊዝኛውን በላቦራቶሪ ማስታወሻሽ ተለማመጂበት፤ በየቀኑ አምስት መስመር።

ወደ አማካሪሽ ከመመለስሽ በፊት ግምጃ ቤት ሂጂና ሳይክሎሄክሲማይድ መኖሩን፣ የስፔክትሮፎቶሜትሩም አምፖል መሥራቱን አረጋግጪ። መርዙ ከሌለ በጨለማና በብርሃን ያለውን ልዩነት ብቻ ለኪና ርዕሱን በዚያው ልክ ቀንሺው።