ስለ ምስጥ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለበሰበሰ እንጨት ጠይቁኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አናጢ ነኝ፣ አሁን አሁን ግን አዲስ ከምሰራው የበሰበሰ የምቀይረው ይበልጣል። ጥያቄ ካላችሁ ወርውሩ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ግድግዳችን ላይ ከታች ወደ ላይ የወጣ የጭቃ መስመር አለ፣ እርሳስ ያክላል፣ ጠርገነው ተመልሶ መጣ። ምስጥ ነው?

መልስ፦ አዎ ነው። ምስጥ ቆዳው ስስ ስለሆነ ደረቅ አየር ላይ ከወጣ ይሞታል፣ ስለዚህ ከአፈሩ እስከ እንጨቱ ድረስ እርጥበት የሚይዝለትን ዋሻ እየሰራ ነው የሚሄደው፣ ጎጆው መሬት ውስጥ ስለሆነ ደግሞ መጥረጉ ምንም አያደርገውም። መሃሉን ብቻ ትንሽ ስበሩትና ከጥቂት ቀን በኋላ እዩት፣ ከደፈኑት ስራ ላይ ናቸው፣ ካልደፈኑትም ቶሎ ደስ አይበላችሁ በሌላ በኩል ዞረው ይሆናል። ከዛ አጠገቡ ያለውን የበር ፍሬም በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት፣ ባዶ ድምጽ ከሰጠ ውስጡ አልቋል። እኔ አንዴ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ፍሬም ላይ አውራ ጣቴን ጫን ባደርግ እስከ ጥፍሬ ሰመጠ፣ ቀለሙ ብቻ ነበር የቆመው። የአፈሩን መድሃኒት ግን ለባለሙያ ተዉለት።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ዘይት ብቀባውስ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፣ ይሸታል፣ ቀለም አያስይዝም፣ አፈሩንም ይበክላል።

ጥያቄ፦ ማታ መብራት ላይ ክንፋም ነገር ሞላ፣ ጠዋት መስኮቱ ስር ክንፍ ብቻ ተበትኖ አገኘሁ። ጉንዳን ነው ምስጥ?

መልስ፦ እንደ አሸን ፈላ የሚባለው እኮ ይሄ ነው። ወገቡን እይው፣ ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው የፊት ክንፉም ከኋላው ይረዝማል፣ ምስጥ ግን ወገብ የለውም 4ቱም ክንፍ እኩል ነው። ከውጪ መብራት አይተው ከገቡ ብዙም አትጨነቂ፣ ከወለሉ ወይ ከፍሬሙ ስንጥቅ ከወጡ ግን ቤቱ ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ነገር ወጣ፣ ቀለም ቀባነው ተመልሶ መጣ።

መልስ፦ ቀለም ውሃ አያቆምም እኮ። ቀዳዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክቡ በላይ ቀጥ ብሎ አይደለም ያለው፣ ውሃው በሞራሌው (ጣሪያውን በተሸከመው እንጨት) ላይ ተንሸራቶ ሜትር ምናምን ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው፣ ስለዚህ ዝናብ እየዘነበ ባትሪ ይዛችሁ ኮርኒስ ውስጥ ተመልከቱ፣ በተለይ ምስማሩ ዙሪያ። ዝናብ ሳይኖርም የሚረጥብ ከሆነ ቧንቧ ጠርጥሩ፣ ሁሉንም ዘግታችሁ ቆጣሪውን አንብቡና 2 ሰዓት ጠብቁ፣ ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የፍሳሽ ቱቦ ግን ቆጣሪ ላይ አይታይም።

ጥያቄ፦ ቁምሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ሻገተ፣ ከውጪ የሚገባ ውሃ ይሁን የቤቱ ላብ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ግድግዳውን ወልውለህ አድርቅና ላስቲክ ቆርጠህ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ለጥፍበት፣ 1 ወይ 2 ቀን ተወው። ላስቲኩ ፊት ለፊት ከረጠበ የክፍሉ እንፋሎት ነው፣ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አርቀህ መስኮት ክፈት። ከጀርባው ከረጠበ ግን ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ እንጨት ትንሽ ከረጠበ በቃ ይበሰብሳል?

መልስ፦ አይ፣ ረጥቦ ቶሎ ከደረቀ ችግር የለውም። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፣ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም። እርጥብ እንጨት ላይ ቫርኒሽ መቀባት ነው ጥፋቱ፣ ውሃውን ውስጥ ቆለፍክበት።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብትለን?

መልስ፦ አሸንዳ ጥረጉ። ቅጠል ከደፈነው ውሃው ሞልቶ ግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው፣ ከዛ መሰረቱ ስር ይተኛል፣ ምስጥም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። መሬቱም ከቤቱ ወደ ውጪ ያዘቅዝቅ፣ በ3 ሜትር 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ስር የከመርነው ማገዶስ?

መልስ፦ አንሱት በናታችሁ! ከቤቱ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ስታነሱት ደግሞ የታችኛውን ገልብጣችሁ እዩት፣ ጭቃ ከለበሰ የመጀመሪያውን መልሴን እንደገና አንብቡ።